ያለ እሳት የሚያውድ መዓዛ

አርጆ ደጋ ናት፤ ክረምት ሲገባ አንድ ክፍል የተከራየ ጸሐፊ በሩንና መስኮቱን ዘግቶ በከሰል ላይ እጣን ያጤሳል። መዓዛው ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ ስለሌለው ሰውን በእንቅልፉ ሳያውቀው ይገድላል።

እንግዲህ ቤቱ ያለ እሳት እንዲያውድ የሚሻ ሰው እንዲህ ያድርግ። በ2 ኩባያ ውሃ ጠጅ ሣር አፍልቶ ያጥልል፤ በትኩሱ 28 ግራም ጄላቲንና ሻጋታ እንዳይቸኩልበት 1 የሾርባ ማንኪያ ጨው እያማሰለ ያሟሟበት፤ ለብ ሲል 20 ጠብታ የባሕር ዛፍ ዘይት ጨምሮ በብርጭቆ እንዲረጋ ይተወው። ውሃው በዝግታ ሲተን መዓዛውም አብሮ ይወጣል። በአርጆ ብርድ ጸንቶ ይቆማል፤ ወደ ዴዴሳ ቆላ ቢወስዱት ግን ይቀልጣል። ሕፃናት ጣፋጭ መስሏቸው እንዳይቀምሱት ከፍ አድርጎ ማኖር ይገባል።

እጣኑስ? በሩን ከፍቶ፣ ከሰሉንም ከመኝታ በፊት አውጥቶ ማጤስ ነው።