ስለ ፈትልና ስለ ሹራብ ሥራ

የእንጦጦ ራጉኤል ኮረብታ ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 3000 ሜትር ያህል ስለ ሆነ፥ በሐምሌና በነሐሴ ጉሙ ሲወርድ ብርዱ አጥንት ይነካል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓመተ ምሕረት ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት በዚሁ ተራራ ላይ በእንጦጦ ማርያም ሲሆን፥ በዚያ ዘመን መኳንንቱና ወይዛዝርቱ ብርዱን የሚከላከሉት በእጅ ተፈትሎ በእጅ በተሠራ ልብስ፥ በጋቢና በኩታ፥ በበርኖስና በካባ ነበር። ዛሬ ከተራራው ግርጌ በሽሮ ሜዳ ገበያ ሸማው ተደርድሮ ሲሸጥ የሚያይ ሰው ዋጋውን ይጠይቃል እንጂ፥ ክሩ እንዴት እንደ ተሠራ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ስለዚህ አስቀድመን ስለ ክር፥ ቀጥሎም ስለ ሹራብ ሥራ እንጽፋለን።

ጥጥ ከፍሬው በመዳመጫ ከተለየ በኋላ በደጋን ይነደፋል፤ ተነድፎ የሳሳው ባዘቶ ይባላል። ባዘቶው ተጠቅልሎ እንደ ጣት ሲሆን አመልማሎ ነው። ፈታይዋ አመልማሎውን በአንድ እጅዋ ይዛ በሁለተኛው እንዝርቱን ታሾራለች። ክሩ የሚጸናው በሌላ በምንም ሳይሆን በዚህ መሾር ብቻ ነው፤ ጥጡ ሲጠመዘዝ እርስ በርሱ ይተሳሰራልና። ጥምዙ ሲያንስ ክሩ ይበጠሳል፥ ሲበዛ ደግሞ ይቋጠራል። በእንዝርቱ ላይ የተጠቀለለው ፈትል ልቃቂት ይባላል። ማግ የሚሆነው ላላ ብሎ ይፈተላል፤ ድር ግን የሸማኔውን መሳብ መቻል ስላለበት ጠንከር ይላል። በአሁኑ ጊዜ ለድር አብዛኛውን የፋብሪካ ክር ስለሚገባ፥ የእጅ ፈትል የሚቀረው ለማጉ ነው።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አይገባም። ፈትል በአገራችን የትልልቅ ወይዛዝርት እንኳ ሥራ ሆኖ ሲከበር፥ ያንኑ ፈትል ተቀብሎ ሸማ የሚያደርገው ሸማኔ ግን ይሰደብ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓመተ ምሕረት የእጅ ሠራተኛ እንዳይሰደብ በአዋጅ ከለከሉ፤ ነገር ግን አዋጅ ስድብን ከአፍ ቢያስቀር ከልብ ለማውጣት ብዙ ዘመን ይፈጃል። ሽመና የወንድ ሥራ ብቻ ነው የሚለውም ልማድ እንዲሁ ነው። ከእንጦጦ ደን የባሕር ዛፍ እንጨት በጀርባቸው እያወረዱ ይኖሩ ከነበሩት ሴቶች ጥቂቶቹ፥ የቀድሞ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች በሚባለው ማኅበር ተሰብስበው፥ ከሸማ መሥሪያው ፊት ተቀምጠው የአንገት ልብስ መሥራት ጀመሩ። ያን ቁልቁለትና ያን ሸክም ያየ ሰው ይህ ለውጥ ቀላል አለመሆኑን ያስተውላል።

ሹራብ ከሸማ የሚለየው ድርና ማግ የሌለው በመሆኑ ነው። አንድ ክር ብቻ ቀለበት እየሆነ በቀለበት ውስጥ ያልፋል፤ ስለዚህ ጨርቁ ይለጠጣል። ጥበቡ የሱፍ አገር ሰዎች ብቻ ነው ለሚሉ፥ በግብጽ አገር የተገኙት ሰማያዊና ነጭ የጥጥ ካልሲዎች ከቀደሙት የሹራብ ሥራዎች መካከል መሆናቸውን እናስታውሳለን።

ለጀማሪ መካከለኛ ውፍረት ያለው የሱፍ ክርና ውፍረታቸው 4 ሚሊ ሜትር የሆነ ሁለት መርፌ ይበቃታል። በአንደኛው መርፌ ላይ 20 ቀለበት ታደርጋለች። ሁለተኛውን መርፌ ከፊት ወደ ኋላ በቀለበቱ ውስጥ አስገብታ፥ ክሩን በጫፉ ላይ ጠምጥማ ትስባለች፤ አዲሱ ቀለበት ሲወጣ አሮጌውን ከመርፌው ትለቃለች። ይህንኑ ብቻ እያመላለሰች ብትሠራ በሁለቱም ወገን አንድ ዐይነት የሆነ ጐርበጥ ያለ ጨርቅ ይወጣል። ሁለተኛው ዐይነት ክሩን ከፊት አድርጎ መርፌውን ከኋላ ወደ ፊት ማስገባት ነው። አንዱን ረድፍ በፊተኛው፥ አንዱን በኋለኛው ቢሠሩ ፊቱ ልስልስ ይሆናል፤ ዳሩ ግን ጠርዙ ይጠቀለላል፤ ስለዚህ ለአንገት ልብስ ፊተኛው ይሻላል። ጀማሪ ሁሉ ክሩን አጥብቃ ትይዛለች፤ መርፌው በቀለበቱ ውስጥ ያለ ችግር መንሸራተት አለበት። ትልቅ ልብስ ከመጀመር በፊት ትንሽ ቁራጭ ሠርቶ በ10 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ስንት ቀለበት እንዳለ መቍጠር ይገባል። 20 ቢሆን፥ ወርዱ 25 ሳንቲ ሜትር ለሚሆን ልብስ 50 ቀለበት ያስፈልጋል ማለት ነው። ይህን ንቆ የጀመረ ሰው ለአባት ያሰበው ሹራብ ለልጅ ይሆናል።

በቤት የተፈተለ የጥጥ ክር ነጠላውን ለሹራብ አይሆንም፤ ቀጭን ከመሆኑም በላይ ጥምዙ ጨርቁን ወደ አንድ ጐን ያጣምመዋል። ሁለት ወይም አራት ክር አግጥሞ እንዝርቱን በተቃራኒው ወገን ቢያሾሩት ጥምዙ ይመዛዘናል። ጥጥ ግን እንደ በግ ጠጕር አይሰበሰብም፤ ለሕፃን ልብስ ይመቻል፥ ለእንጦጦ ብርድ አይበቃም። መንዞች ባናና ዝተት የሚሠሩበት የበግ ጠጕር ለዚህ የታወቀ ነው፤ ለሹራብ ሲሆን ግን ለስላሳውን መርጦ መፍተል ያስፈልጋል።

የሱፍ ሹራብ ሲታጠብ ለብ ባለ ውሃ ተነክሮ ሳይታሽ ይጨመቃል፤ የፈላ ውሃና መታሸት ጠጕሩን አጣብቆ ልብሱን ያሳጥረዋል። ሲሰጣም በገመድ ላይ አይንጠለጠልም፤ ውሃው ወደ ታች እየጐተተ ያረዝመዋልና፥ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ተዘርግቶ በጥላ ይደርቃል።