የመኖሪያ ፈቃድ ካርድ ሁልጊዜ ከኪስ መለየት የለበትም?

በአምስተርዳም፣ በሮተርዳምና በዴንሃግ የሚኖሩ ወገኖቻችን ደጋግመው ከሚያነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ «በሕግ ተፈቅዶልኝ እየኖርኩ ወረቀቴን የትም ይዤ የምዞረው ለምንድን ነው?» የሚለው ነው። ጥያቄው ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ሕጉ ምን ይላል የሚል ሲሆን ሁለተኛው ሕጉ ፍትሐዊ ነው ወይ የሚል ነው። ሁለቱን ሳንደባልቅ በየተራ እንመልከታቸው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሕጉ ምን ይላል?

ሆላንድ ውስጥ መታወቂያ የማሳየት ግዴታ የመጣው በሁለት ደረጃ ነው። ጁን 1 ቀን 1994 ሥራ ላይ የዋለው የመጀመሪያው ሕግ ውሱን ነበር። በሥራ ቦታ፣ በባንክ፣ ያለ ቲኬት በትራም ወይም በባቡር ሲገኙ፣ በእግር ኳስ ሜዳና በመሳሰሉት ብቻ ነበር የሚሠራው። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2005 ጀምሮ ግን ዕድሜው 14 ዓመት የሞላው ማንኛውም ሰው ፖሊስ ሲጠይቀው ጊዜው ያላለፈበት መታወቂያ ማሳየት እንዳለበት ተደነገገ። መጀመሪያ 50 ዩሮ የነበረው ቅጣትም ከዚያ ወዲህ ጨምሯል። ሆላንዳዊው ፓስፖርቱን፣ የአገሩን መታወቂያ ወይም መንጃ ፈቃዱን ያወጣል። የሆላንድ ዜግነት ያልወሰደው የእኛ ሰው የሚያወጣው የመኖሪያ ፈቃድ ካርዱን ነው። ፎቶ ኮፒም ሆነ በስልክ የተነሣ ፎቶ አይበቃም።

ልብ ብለን ካነበብነው ሕጉ የሚለው «ሲጠየቁ አሳዩ» እንጂ «ይዛችሁ ዙሩ» አይደለም። ይሁን እንጂ ቤት የቀረ ካርድ መንገድ ላይ ሊታይ ስለማይችል ውጤቱ ያው ነው። በሌላ በኩል ፖሊስም ቢሆን እንዳሻው መጠየቅ አይችልም። መጠየቅ የሚችለው ለሥራው በምክንያት የሚያስፈልገው ሲሆን ብቻ ነው።

ለውጭ ዜጎች ደግሞ ተጨማሪ ሕግ አለ። በኤፕሪል 2001 ሥራ ላይ የዋለው የውጭ ዜጎች ሕግ በአንቀጽ 50 ያለ ፈቃድ ይኖራል ተብሎ በበቂ ምክንያት የተጠረጠረን ሰው ፖሊስ አስቁሞ ማንነቱን፣ ዜግነቱንና የመኖሪያ መብቱን እንዲያጣራ ይፈቅዳል። በቦታው ማጣራት ካልተቻለ ሰውየው ለምርመራ እስከ 6 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ከእኩለ ሌሊት እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ያለው ጊዜ ከዚህ ውስጥ አይቆጠርም። እንግዲህ ማታ ሥራ ጨርሶ ወደ ቤቱ ሲሄድ ካርዱን የረሳ ሰው ምን ሊገጥመው እንደሚችል አንባቢ ራሱ ያስላው።

ሬስቶራንትና ሱቅ ላላቸው

በሒሳብ ሥራ ላይ ያለ ሰው እንደመሆኔ ከመንገዱ ፍተሻ ይልቅ የሚያሳስበኝ የሥራ ቦታው ነው። አንድ ሰው መንገድ ላይ ካርድ ቢያጣ የሚቀጣው ራሱ ነው። ሬስቶራንት ውስጥ ግን ባለቤቱም አብሮ ሊጎዳ ይችላል።

ቀጣሪ ሠራተኛውን ከማስገባቱ በፊት ዋናውን ሰነድ በዓይኑ አይቶ፣ ፎቶው ከሰውየው ጋር መመሳሰሉን አረጋግጦ፣ ኮፒውን በደመወዝ ፋይል ውስጥ ማስቀመጥ አለበት። መንጃ ፈቃድ ለዚህ አያገለግልም። የመኖሪያ ካርዱ በፊትም በጀርባም ኮፒ ይደረጋል፤ ሥራ ይፈቀድ ወይም አይፈቀድ እንደሆነ የሚገልጸው ጽሑፍ ያለው ከጀርባው ነውና። ሠራተኛው ከለቀቀም በኋላ ያ ዓመት ካለቀበት ጊዜ አንሥቶ ኮፒው 5 ዓመት ይቀመጣል። ሠራተኛውም በበኩሉ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ዋናውን ካርድ ማሳየት መቻል አለበት።

ይህ ሳይደረግ ቢቀርስ? የግብር መሥሪያ ቤቱ፣ ሁላችንም ቤላስቲንግዲንስት የምንለው፣ ማንነቱ ባልተረጋገጠ ሠራተኛ ደመወዝ ላይ 52 በመቶ ያስከፍላል። ሌላው ሠራተኛ የሚያገኘው የግብር ቅናሽም አይታሰብለትም። 2,000 ዩሮ ደመወዝ ላይ 1,040 ዩሮ መሆኑ ነው። ባለቤቱ 1,000 ዩሮ በእጅ ከፍሎ ግብሩን ራሱ የሚሸከም ከሆነ ደግሞ ስሌቱ ወደ ላይ ይወጣል፤ 1,000 ለ0.48 ሲካፈል 2,083 ዩሮ ይሆንና ግብሩ ብቻ 1,083 ዩሮ ይደርሳል። የመሥራት ፈቃድ የሌለው ሰው ከተገኘ ቅጣቱ ከዚህም ይከብዳል። በ2005 የወጣው ተመን ለድርጅት በአንድ ሠራተኛ 8,000 ዩሮ ነበር። «የአገሬ ልጅ ነው፣ ቤተሰቡን አውቃለሁ» የሚለው መልስ ተቆጣጣሪው ዘንድ አይሠራም። የእኅትዎን ልጅም ቢሆን ካርዱን ሳያዩ አያስገቡ።

ሕጉ ፍትሐዊ ነው ወይ?

«ሕጋዊ የሆነ ሰው ምን ይፈራል?» የሚሉ አሉ። ሆላንዳውያን ራሳቸው ግን ለረጅም ዘመን ፈርተውታል። ምክንያታቸውም ነበራቸው። በጀርመን ወረራ ጊዜ በ1941 ለሕዝቡ የታደለው መታወቂያ ያኮብ ሌንትስ የተባለ የሆላንድ ባለሥልጣን ያዘጋጀው፣ አስመስሎ ለመሥራት እጅግ የሚያስቸግር ካርድ ነበር። በአይሁዳውያን ካርድ ላይ የ«ጄ» ፊደል ተመታበት። ካርዱና የሕዝብ መዝገቡ ተደጋግፈው ሰዎችን ከየቤታቸው ለመልቀም ረዱ። ከአገሪቱ 140,000 ገደማ አይሁዳውያን ውስጥ ከ100,000 በላይ አለቁ። ማርች 27 ቀን 1943 ፖሊስ መስለው የገቡ አርበኞች በአምስተርዳም ፕላንታጅ ኬርክላን፣ ከአርቲስ የአራዊት ማቆያ አጠገብ የነበረውን የመዝገብ ቤት በእሳት አያያዙት። ከመካከላቸው 12 ሰዎች በጁላይ 1943 በጥይት ተደበደቡ። አገሪቱ ሁሉን የሚመለከት የመታወቂያ ግዴታ ለማውጣት እስከ 2005 የዘገየችው ይህን ስላልረሳች ጭምር ነው።

አሜሪካ ሌላ መንገድ ነው የያዘችው። ዜጋው መታወቂያ ይዞ የመዞር አጠቃላይ ግዴታ የለበትም። 18 ዓመት የሞላው ሕጋዊ የውጭ አገር ነዋሪ ግን ካርዱን ሁልጊዜ መያዝ በፌዴራል ሕግ ይገደዳል። ዋሽንግተን ዘመድ ያለን ሁሉ ይህን እናውቃለን። በእኔ አስተያየት ከሁለቱ የሆላንዱ ይሻላል። ለስደተኛ ብቻ የሚወጣ ግዴታ ጎረቤቱ «ይህ ሰው ሁልጊዜ መረጋገጥ አለበት» ብሎ እንዲያየው ያደርጋል። ግዴታው የሁሉም ከሆነ ግን መታወቂያ መያዝ እንደ ቤት ቁልፍ ተራ ነገር ይሆናል።

ሆኖም በጽሑፍ እኩል የሆነው በተግባርም እኩል ነው ማለት አይደለም። ካርዱን ሁሉም ይይዛል፤ «አሳይ» የሚባለው ግን ሁሉም አይደለም። የምፓንዙ ባሜንጋ ጉዳይ ይህን ያሳያል። የአይንድሆቨን ከተማ ምክር ቤት አባል የነበሩት እኚህ ሰው በ2018 ከጉዞ ሲመለሱ በአይንድሆቨን አውሮፕላን ማረፊያ በድንበር ፖሊስ ተለይተው ተፈተሹ። ከአምነስቲ ኢንተርናሽናልና ከሌሎች ድርጅቶች ጋር ሆነው መንግሥትን ከሰሱ። በ2021 ተረቱ። ይግባኝ ብለው ፌብሯሪ 14 ቀን 2023 የዴንሃግ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የድንበር ፖሊስ በዚህ ዓይነት ቁጥጥር ሰውን በዘሩ ወይም በቆዳው ቀለም መምረጥ አይችልም ሲል ፈረደ። ሆላንዳዊ ማለት ነጭ ብቻ እንዳልሆነ በፍርድ ቤት የተረጋገጠበት ቀን ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

እንግዲህ የዚህ ጸሐፊ አቋም ይህ ነው። ግዴታው ለሁሉም እስከሆነ ድረስ ካርዱን እንያዝ። ለስደተኛ ብቻ ይሁን ከተባለ ግን እንቃወም። ሲጠይቁንም ምክንያቱን በጨዋነት እንጠይቅ። ካርዱ ደረሰኝ ነው። ደረሰኝ ቢጠፋ ክፍያው እንደማይሻር ሁሉ ካርድ ቢጠፋ የመኖሪያ መብት አይሻርም። ግን ያለ ደረሰኝ ተከራክሮ መርታት ስንት ቀን እንደሚፈጅ ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል።

ለጥንቃቄ ያህል

የማያልቅ የመኖሪያ ፈቃድ ያላችሁ፣ መብቱ ባያልቅም ካርዱ ራሱ በየ5 ዓመቱ እንደሚታደስ አትርሱ። ቀኑን የቀን መቁጠሪያ ላይ ጻፉት።

ካርዱ ከተሰረቀ ለፖሊስ አስታውቁ። ምትኩንም ሳትዘገዩ ከስደተኞች ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ፣ ከኢ ኤን ዴ፣ ጠይቁ።

ከቀጣሪ በስተቀር ኮፒ ለሚጠይቃችሁ ሁሉ ሙሉውን አትስጡ። መንግሥት ያወጣው ኮፒ-ኢዴ የተባለ የስልክ ፕሮግራም የግል ቁጥራችሁን ለመሸፈንና ኮፒው ለማንና ለምን እንደተሰጠ ለመጻፍ ያስችላል።

14 ዓመት የሞላቸው ልጆቻችሁም ግዴታው ይመለከታቸዋልና ንገሯቸው።