ዳዊቱ ከተደገመ በኋላ

የቄስ ትምህርት ቤት የገባ አያት ያለው ሰው ቢጠይቅ የሚያገኘው መልስ ተመሳሳይ ነው። ልጁ ከፊደልና ከአቡጊዳ ሲወጣ በመጀመሪያ የሚሰጠው ንባብ የዮሐንስ መልእክት ነበር። ሌላውን ሌላውን እያለ በመጨረሻ ዳዊት ላይ ይደርሳል። ዳዊት የደገመ ልጅ ደግሞ በሰፈሩ እንደ ትልቅ ሰው ይታያል፤ እናቱም እንደ አቅሟ ጠላዋን ጠምቃ፣ ዳቦዋን ጋግራ መምህሩን ታመሰግናለች።

ያ የመጀመሪያ ንባብ ግን ለሕፃን የሚቀል መጽሐፍ አይደለም። ወንድሙን እየጠላ እግዚአብሔርን እወዳለሁ የሚለውን ሰው ያፋጥጣል። ያለው ሰው የተቸገረን አይቶ ፊቱን ቢያዞር ፍቅሩ ወዴት እንደሄደ ይጠይቃል። ልጆቹ ይህን ሁሉ የሚያነቡት በግዕዝ ነው፤ ንባቡ ይቀድማል፣ ትርጓሜው ይከተላል። ብዙዎቹ ትርጓሜው ሳይመጣ ወደ እርሻ፣ ወደ ንግድ፣ ወደ ትዳር ሄዱ። ንባቡ ግን ከአፋቸው አልጠፋም። ዛሬ ሰማንያ ዓመት የሞላቸውና መነጽር ሳያስፈልጋቸው ዳዊትን ከዳር እስከ ዳር የሚወጡ አባቶች ያሉን በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ሀብት የማቃልል ሰው አይደለሁም። እኔ የማነሣው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ከተነበበ በኋላ፣ መጽሐፉ ወደ ማኅደሩ ከተመለሰ በኋላ፣ በቤቱ ውስጥ ምን ይቀየራል?

በቤታችን ያለው የእናቴ ዳዊት እንደ ልማዱ በቀናት የተከፈለ ነው። ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ እስከ 60፣ ረቡዕ እስከ 80፣ ሐሙስ እስከ 110፣ ዓርብ እስከ 130፣ ቅዳሜ እስከ 150። እሑድ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ ይደርሳል። ይህን ሥርዓት የሚከተል ሰው በየሰኞው አንድ አጭር መዝሙር ያገኛል፤ 14ኛውን። (በአንዳንድ መጽሐፍ ቅዱሶች የብዙዎቹ መዝሙሮች ቁጥር በአንድ ስለሚበልጥ እዚያ 15ኛ ሆኖ ይገኛል።) በእግዚአብሔር ድንኳን የሚያድር ማን እንደሆነ ይጠይቅና መልሱን ራሱ ይሰጣል። የሚገርመው መልሱ ነው። ስንት ቀን እንደጾመ፣ ስንት ጊዜ እንደሰገደ አያነሣም። የሚያነሣው በልቡ እውነት መናገሩን፣ በአንደበቱ ሰው አለማማቱን፣ በጎረቤቱ ላይ ክፉ አለማድረጉን፣ ቢጎዳውም እንኳ የማለበትን አለማጠፉን፣ ገንዘቡን በአራጣ አለማበደሩን፣ በንጹሕ ሰው ላይ ጉቦ አለመቀበሉን ነው።

ሐሜት፣ የታጠፈ ቃል፣ አራጣ፣ ጉቦ። ከሰፈራችን የወጣ ነገር የለበትም። ዳዊት ደጋሚ ሰው በዓመት 52 ጊዜ በዚህ መዝሙር ያልፋል።

እናቴ 74 ዓመቷ ነው። ባለፉት ሁለት ዓመታት ዓይኗን ሞራ ስለጋረዳት የብራናውን ፊደል መለየት አቃታት። በቃሏ የምትለውን ብትልም መጽሐፍ ሳትይዝ መጸለይ አልሆነላትም፤ ስለዚህ የ12 ዓመቱ ልጄ ማለዳ ከትምህርት ቤት በፊት እንዲያነብላት ተስማማን። እሱ ግዕዝ አይችልም። የሚያነብላት ከአማርኛው ነው። በዚህ ምክንያት እናቴ ልጅ ሆና ጀምሮ በግዕዝ ያለችውን መዝሙር በቤት ቋንቋዋ፣ በልጅ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ ሲነበብ ሰማችው።

አንድ ሰኞ ልጁ ቢጎዳውም ቃሉን የማያጥፈው ሰው ላይ ሲደርስ "ድገመው" አለችው። ደገመው። "በቃ፣ ዝጋው" አለች። ማክሰኞና ረቡዕ እንዲያነብላት አልጠራችውም።

ነገሩን እኔ አውቀዋለሁ። አያቴ ደብረ ብርሃን ያለውን ቤት ትተው ሲያርፉ አራት ልጆች ነበሯቸው። እስከ መጨረሻው ያስታመመቻቸው ታናሿ አክስቴ ናት። እናቴ የበኩር ልጅ ስለሆነች አያቴ በተኙበት፣ ሁላችንም እየሰማን፣ "ጓሮ ያሉት ሁለቱ ክፍሎች ያንቺ ናቸው፣ ማንም አይነካብሽም፣ አባታችን ይስማኝ" ብላ ለእህቷ ማለች። ወረቀት የለም። ከዚያ ከተማው ሰፋ፣ የቦታው ዋጋ ናረ። የወራሽነት ማረጋገጫው ላይ የአራቱም ስም እኩል ተጽፏል። አጎቶቼ "እኩል ይካፈል" ሲሉ እናቴ ምንም አልተናገረችም። አክስቴ ዝምታዋን ሰማች፤ ዘጠኝ ዓመት ስልክ አልደወለችም። በለቅሶ ቤት ቢገናኙ እንኳ በተለያየ ድንኳን ጥግ ይቀመጡ ነበር።

ሐሙስ ቀን እናቴ ጠርታ "ለእህቴ ደውዪልኝ" አለችኝ። አክስቴ አላነሣችም። በሦስተኛው ቀን ነው ያነሣችው። እናቴ ይቅርታ የሚል ረጅም ንግግር አላደረገችም። "ያልኩሽ ነገር አለ፤ ወንድሞችሽ ቢሉም ባይሉም ከእኔ ድርሻ ይወጣል" ብቻ ነው ያለቻት። ወዲያ ማዶ ረጅም ዝምታ ነበር።

ይህ ነገር ዋጋ አለው፤ ዋጋው ደግሞ እናቴ ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም። ወንድሜ "እማዬ፣ ድርሻሽ ነገ የእኛም ነው እኮ" አላት። እኔም በአንድ ደመወዝ ሦስት ልጆች የማሳድግ ሰው ነኝና ደስ ብሎኝ አልሰማሁትም። እሷ ግን "ቃል የገባሁት እኔ፣ የምከፍለውም እኔ" ብላ ዘጋችው። ቤቱ ይህ እስከሚጻፍ ድረስ አልተካፈለም። አጎቶቼም ነገሩ አልተዋጠላቸውም፤ ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ተቀምጦ ተነሥቷል። አክስቴ ግን ለፋሲካ መጣች። ሁለቱ እህትማማቾች ሲሳሳሙ አላለቀሱም፤ ተቀምጠው ስለ ሽንኩርት ዋጋ ነው ያወሩት። ልጄ ማታ ወደ ወጥ ቤት ገብቶ "ያኔ ያነበብኩላት እኔ ነኝ አይደል?" አለኝ። አንድ መዝሙር ምን እንደሚሠራ በሰንበት ትምህርት ቤት ብዙ ጊዜ ተነግሮታል። ሲሠራ ያየው ግን ያኔ ነው።

ሐዋርያው ያዕቆብ ሰምቶ የማያደርገውን ሰው መስተዋት አይቶ ከሄደ በኋላ መልኩን ከሚረሳ ሰው ጋር ያመሳስለዋል። ብዙዎቻችን መስተዋቱን በየቀኑ ማየቱ ላይ አንሰንፍም። እንዲያውም አሁን አሁን ስልክ ላይ የሚጫን የመጽሐፍ ቅዱስ መተግበሪያ ስንት ቀን ሳታቋርጡ እንዳነበባችሁ እየቆጠረ ያጨበጭብላችኋል። ጎረምሶቹ በቁጥሩ ይወዳደራሉ። በዓመት መጽሐፉን ለመጨረስ የሚነሣ ሰውም ሞልቷል፤ 66ቱን መጻሕፍት የያዘው ጥራዝ 1,189 ምዕራፍ ስላለው በቀን ሦስት ምዕራፍና ትንሽ ማለት ነው፤ በ81ዱ ለሚሄድ ደግሞ ከዚያ በላይ ይሆናል። መጨረሱ መልካም ነው፣ አልቃወምም። ግን ሥራ ያለው፣ ልጅ የሚያደርስ፣ አሮጊት እናት የሚያስታምም ሰው ሦስት ምዕራፍ ለማድረስ ሲሮጥ ከሦስቱ አንዱን እንኳ ይዞ ከቤት አይወጣም። ለእንዲህ ያለው ሰው አምስት ቁጥር ይበቃዋል ባይ ነኝ።

አምስቱን ቁጥር ካነበቡ በኋላ የሚጠየቀው ጥያቄ አጭር ቢሆን ይሻላል፦ ዛሬ ከመምሸቱ በፊት ለማን፣ ምን ላድርግ? "የተሻለ ሰው እሆናለሁ" የሚል መልስ ለዚህ ጥያቄ መልስ አይሆንም። የሰው ስምና ሰዓት ያስፈልገዋል። ለምሳሌ ዘዳግም 24 የድሃ ሠራተኛ ደመወዝ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲከፈል ያዝዛል፤ ሠራተኛው የአገር ልጅም ሆነ መጻተኛ። ይህን ያነበበ ሰው ስለ ፍትሕ ብዙ ሊያስብ ይችላል። በየቤታችን ግን ጉዳዩ ወጥ ቤት ውስጥ ቆማለች። ከገጠር መጥታ የምታገለግለን ልጅ ደመወዟ "እኔ ጋ ይጠራቀምልሽ" እየተባለ ስንት ወር ይቀመጣል? ስትጠይቅስ ፊታችን ምን ይመስላል? አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ይህን ምዕራፍ ባነበበች ሳምንት ሠራተኛዋን ባንክ ወስዳ በራሷ ስም ደብተር አስከፈተቻት፤ ከዚያ ወዲህ ደመወዙ በወር መጨረሻ ራሱ ቀን ይገባል። ልጅቷ የመጀመሪያ ቀን ደብተሩን ገልብጣ ገልብጣ አየችው፤ በስሟ የተጻፈ ወረቀት ከዚያ በፊት ይዛ አታውቅም።

ሁሉም ንባብ ሥራ ያዝዛል ማለት ግን አይደለም። ልቅሶ የሆኑ መዝሙሮች አሉ፤ ሰው አዝኖ ሲያነባቸው አብሮ ማዘን ብቻ ነው የሚጠበቅበት። የረቡዑ 70ኛ መዝሙር በእርጅና ዘመን አትጣለኝ የሚል ልመና አለበት። አያት ሲያነበው ጸሎቱ ነው። ያንኑ መዝሙር ልጁ ቢሰማው ግን ሥራ ይሆንበታል፦ ወደ እናቱ ቤት መሄድ፣ መድኃኒቷን መግዛት፣ ተቀምጦ የመቶኛ ጊዜ ታሪኳን መስማት።

ለወላጆች ደግሞ አንድ ቅሬታ አለኝ። ወደ ኤፌሶን ሰዎች 6ኛው ምዕራፍ ላይ ልጆች ለወላጆቻቸው እንዲታዘዙ የሚለውን የማያውቅ አባት የለም። ልጅ ሲያጠፋ ወዲያው ይጠቀሳል። ከዚያው ቀጥሎ በ4ኛው ቁጥር አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያስቆጡ የታዘዙት ግን ከሦስተኛው ላይ መጽሐፉ ስለሚዘጋ አይደረስበትም። ልጆች ይህን ያያሉ። ያየ ልጅ መጽሐፉን የአባቱ ሌላ አለንጋ አድርጎ ይይዘዋል፤ ሲያድግም ከአለንጋው ጋር አብሮ ይተወዋል። የሐሙሱ 100ኛ መዝሙር ላይ ንጉሥ የሆነ ሰው በቤቱ ውስጥ በቅን ልብ ሊመላለስ ይወስናል። ቦታውን ልብ በሉልኝ፤ ቤቱ ውስጥ ነው። በአደባባይ ሁላችንም መልካም ነን።

ከዚሁ ጋር መነገር ያለበት አለ። ይቅር በሉ የሚለው ቃል የምትደበደብን ሚስት ዝም ለማሰኘት፣ በቤት ውስጥ የተጎዳን ሕፃን ጉዳይ ለመሸፈን ሲጠቀስ ሰምቻለሁ። ይህ መታዘዝ አይደለም። መጽሐፉ ለተበደለው ይቆማል፤ ቃሉን ለበዳዩ ጋሻ የሚያደርገው ሰው የሰኞውን መዝሙር አላነበበም።

ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ውቅያኖስ የለያያቸው አያቶችም ይህን ማድረግ ይችላሉ። አንዲት ጎረቤቴ የልጅ ልጃቸው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ነው። በየቅዳሜው በስልክ አንድ አጭር ምዕራፍ አብረው ያነባሉ፤ እሳቸው በአማርኛ፣ እሱ በተሰባበረ አማርኛ። ከማንበባቸው በፊት እሳቸው "ያለፈው ሳምንት ባነበብነው ምን ሠራህ?" ብለው ይጠይቁታል። ልጁ መጀመሪያ ላይ ዝም ብሎ ይመልስ ነበር፤ ክፍል ውስጥ ብቻውን ከሚቀመጠው ልጅ ጋር ምሳ መብላቱን፣ ታናሽ እህቱን አለመምታቱን። በኋላ ግን እሱም መጠየቅ ጀመረ። አንድ ቅዳሜ 140ኛውን መዝሙር፣ ለአፉ ጠባቂ እንዲቆምለት የሚለምነውን ሰው ጸሎት አነበቡ። በሳምንቱ ደወለና ገና ሰላምታው ሳያልቅ "አያቴ፣ በዚህ ሳምንት ቡና ላይ ስለ ሰው አላወራሽም?" አላቸው።

እንደነገሩኝ ከሆነ ልክ በዚያች ደቂቃ ኔትወርኩ ተቋረጠ።