የጽሑፍ ትርጉም በምን ይገኛል?

ጽሑፍን ማንበብና ትርጉሙን ማግኘት ሁለት ልዩ ልዩ ሥራዎች ናቸው። በይጁቤና በዙሪያዋ ማንበብ ለማይችሉ ወላጆች ደብዳቤና ውል የምናነብላቸው እኛ ተማሪዎች ስለ ሆንን፥ ነገሩ ለእኛ የክፍል ትምህርት ብቻ አይደለም። ስለዚህ ሊቃውንት ትርጉምን የሚመረምሩባቸውን ሦስት መንገዶች ባጭሩ አነጻጽራለሁ።

አንደኛው መንገድ ቋንቋውን ራሱን መመርመር ነው። «ዶሮው ይበላል» ብለን ብንጽፍ፥ «በ»ና «ላ» ላልተው ሲነበቡ ዶሮው በሊ ነው፤ ጠብቀው ሲነበቡ ግን ተበሊ ነው። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ፥ የሚለየው ጆሮ ነው። የስዊስ አገር ሊቅ ፈርዲናንድ ደ ሶሱር በቋንቋ ውስጥ ምልክት ሁሉ ዋጋ የሚያገኘው ከሌሎች ምልክቶች በመለየቱ ነው ብሎ አስተምሯል፤ ትምህርቱም ከሞተ በኋላ ተሰብስቦ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1916 ታተመ።

ሁለተኛው ዐውድን መመርመር ነው። «ገንዘቡ ለወንድማማቾቹ ይከፈላል» የሚል ውል ቢቀርብልን ጆሮም አይረዳንም፤ መክፈል ዕዳን መስጠትም፥ አንዱን ነገር በየድርሻው መለየትም ነውና። «ገንዘቡ» የሚለው ቃል መጨረሻ ግን ቀድሞ ወደ ተነሣ ገንዘብ ይመራናል። ከላይ ያለው ዐረፍተ ነገር ስለ ውርስ ከሆነ ድርሻ ነው፤ ስለ ብድር ከሆነ ዕዳ ነው። ሃሊዴይና ሐሰን በ1976 ባሳተሙት መጽሐፍ፥ ዐረፍተ ነገሮችን አስተሳስሮ አንድ ጽሑፍ የሚያሰኛቸው እንዲህ ያለው ማያያዣ መሆኑን ስለ እንግሊዝኛ በሰፊው አስረድተዋል።

ሦስተኛው የአገራችን ሊቃውንት መንገድ ነው። ጎጃም በዋሸራ፥ በጎንጅና በዲማ ጉባኤ ቤቶች የታወቀ የቅኔ አገር ነው። ባለቅኔው ሰሙንና ወርቁን ሆን ብሎ በአንድ ቃል ያሳድራል፤ ሰሚው ሰሙን ካልያዘ ወርቁን አያገኝም። የመጻሕፍት መምህራንም በአንድምታ ትርጓሜ አንዱን ንባብ ከፈቱ በኋላ «አንድም» እያሉ ሌላ ፍች ይጨምራሉ፤ የፊተኛውን ግን አይሽሩም።

እንግዲህ ልዩነቱ ይህ ነው፤ የፊተኞቹ ሁለት መንገዶች ከብዙ ትርጉም አንዱን ለመለየት፥ ሦስተኛው ግን ብዙውን ባንድነት ለመያዝ ይጠቅማሉ። እኔ አንዱን መርጦ ሌላውን መናቅ አይገባም እላለሁ። ውልን እንደ ቅኔ ያነበበ ወንድማማቾችን ያጣላል፤ ቅኔን እንደ ውል ያነበበ ደግሞ ወርቁን ጥሎ በሰሙ ብቻ ይመለሳል። ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ወረቀት በቀረበልን ጊዜ አስቀድመን ምን ዓይነት ጽሑፍ መሆኑን እንጠይቅ፤ ሁለት ትርጉም ያገኘንበት እንደ ሆነም፥ ለአባቶቻችንና ለእናቶቻችን ሁለቱንም ሳንደብቅ እንንገራቸው።