የኢትዮጵያዊቷ ልዕልት ሰማይ፦ ከግሪክ አፈ ታሪክ እስከ ጋላክሲዎች ርቀት

የጥንት ግሪኮች የሰማዩን ካርታ ሲነድፉ አንድ ሙሉ ቤተሰብ በከዋክብት መካከል አኑረዋል፤ አባት፣ እናት፣ ሴት ልጅ፣ አማች፣ እንዲሁም ልጅቱን ሊውጥ የመጣ የባሕር አውሬ። የሚያስገርመው ይህ ቤተሰብ የግሪክ ነገሥታት ቤተሰብ አለመሆኑ ነው። አፈ ታሪኩ አባትየውን «የኢትዮጵያ ንጉሥ» ይለዋል።

ታሪኩ በአጭሩ እንዲህ ነው። የንጉሥ ሴፌየስ ባለቤት ንግሥት ካሲዮፒያ ከባሕር ደናግላን ሁሉ ይልቅ ውብ ነኝ ብላ ተመጻደቀች። በዚህ የተቆጣው የባሕር አምላክ ፖሲዶን ሀገሪቱን በውኃ አጥለቀለቀ፤ ሴተስ የተባለ አውሬም ሰደደባት። ንግርት ሲጠየቅ ልዕልት አንድሮሜዳ ለአውሬው ካልተሰጠች መዓቱ አይመለስም የሚል መልስ ተገኘ። ልዕልቲቱ በባሕር ዳር ከአለት ጋር በሰንሰለት ታስራ ሳለች ጀግናው ፐርሲየስ ደረሰ። ፐርሲየስ የመጣው ፊቷን ያየውን ሁሉ ድንጋይ የምታደርገውን የሜዱሳን ራስ ቆርጦ ነበር። አውሬውን ገደለ፤ አንድሮሜዳንም አገባ። አምስቱም እስከ ዛሬ በስማቸው የሚጠሩ ኅብረ ከዋክብት ናቸው።

«እንግዲያው አንድሮሜዳ የእኛ ናት» ብሎ መፎከር ቀላል ነው። ሆኖም በግሪኮች ቋንቋ «ኢትዮጵያ» ማለት ፊታቸው በፀሐይ የጠቆረ ሰዎች ምድር ማለት ሲሆን፣ ስሙም ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ ምድር ያመለክት ነበር። ሆሜር ኢትዮጵያውያንን በሁለት ከፍሎ ከፊሎቹን ፀሐይ በምትወጣበት፣ ከፊሎቹን በምትጠልቅበት የዓለም ዳርቻ ያኖራቸዋል። ሌሎች ጥንታውያን ጸሐፊዎች ደግሞ ልዕልቲቱ የታሰረችው ዛሬ በእስራኤል በምትገኘው በኢዮጴ ወደብ ነው ይላሉ። ስለዚህ አፈ ታሪኩን በዛሬው ካርታ ወሰን መካከል ማጠር አይቻልም። እኛ የምናነሣው ጥያቄ ሌላ ነው፤ እነዚህ ከዋክብት ከኢትዮጵያ ምድር ሲታዩ ምን ይመስላሉ? ምንስ ያስተምሩናል?

ከንግሥቲቱ እንጀምር። ካሲዮፒያ ለትዕቢቷ ቅጣት በሰማይ ራሷን ቁልቁል ዘቅዝቃ እንድትዞር ተፈርዶባታል ይባላል። ይህ ፍርድ ግን ከተመልካቹ ኬክሮስ ጋር የተያያዘ ነው። የሰሜን ዋልታ ከአድማስ በላይ የሚታይበት ከፍታ ከቦታው ኬክሮስ ጋር እኩል ነው፤ በአቴንስ 38 ዲግሪ ገደማ፣ በአዲስ አበባ 9 ዲግሪ ገደማ። ለዋልታው ከዚህ ከፍታ ይበልጥ የቀረበ ኮከብ ፈጽሞ አይጠልቅም። በመሆኑም ዛሬ ከአቴንስ ለሚመለከት ሰው ካሲዮፒያ ዓመቱን ሙሉ ሳትጠልቅ ዋልታውን ትዞራለች፤ ከዋልታው በታች ስታልፍም ተገልብጣ ትታያለች። በጥንት ጊዜ፣ የምድር ዘንግ በ26 ሺህ ዓመት ገደማ አንድ ዙር ስለሚዞር፣ ዋልታው በሌላ ቦታ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ገጣሚ አራቶስም ንግሥቲቱ በራሷ ቁልቁል ስትጠልቅ ገልጿታል። ከአዲስ አበባ ግን ከዋልታው በታች ያለው የጉዞዋ ክፍል አብዛኛው ከአድማስ ሥር ይቀራል። በገዛ ሀገሯ ተባለ እንጂ፣ በእኛ ሰማይ ንግሥቲቱ ትወጣለች፣ ከፍ ትላለች፣ ጠልቃም ታርፋለች። አፈ ታሪክም የተመልካች ቦታ አለው ማለት ነው።

ቀጥሎ ፐርሲየስ በእጁ የያዘውን የሜዱሳን ራስ እንመልከት። በዚያ ቦታ ያለው ኮከብ አልጎል ይባላል፤ ስሙ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን የጭራቅ ራስ ማለት ነው። አልጎል በየ2 ቀን ከ20 ሰዓት ከ49 ደቂቃው ይደበዝዛል፤ ብርሃኑ ወደ አንድ ሦስተኛ ገደማ ወርዶ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ1783 ጆን ጉድሪክ የተባለ መስማት የተሳነው የ18 ዓመት እንግሊዛዊ ወጣት ይህን መደበኛ ዑደት ለካ፤ ምክንያቱም ሌላ አካል በፊቱ እያለፈ ስለሚጋርደው ሊሆን እንደሚችል ገመተ። ግምቱ እ.ኤ.አ. በ1889 በብርሃን ትንተና ተረጋገጠ፤ ጭራቁ እርስ በርስ የሚዞሩ ከዋክብት ሆኖ ተገኘ።

ይኸው ወጣት እ.ኤ.አ. በ1784 በንጉሡ በሴፌየስ ኅብረ ኮከብ ውስጥ ዴልታ ሴፌይ የተባለችው ኮከብ በ5 ቀን ከ9 ሰዓት ገደማ እንደምትደምቅና እንደምትደበዝዝ ተመለከተ። በ21 ዓመቱ በሞት ሲለይ ምን ያህል ታላቅ ቁልፍ ትቶ እንዳለፈ አላወቀም። ዴልታ ሴፌይን የሚጋርዳት የለም፤ የምትነፋውና የምትኮማተረው ራሷ ናት። ክዳኑ የገጠመ ድስት ሲፈላ እንፋሎቱ ተጠራቅሞ ክዳኑን ያነሣል፤ እንፋሎቱ ሲወጣ ክዳኑ ተመልሶ ይወድቃል፤ ደግሞም ይጠራቀማል። በኮከቧ ውስጥ የክዳኑን ሥራ የሚሠራው ኤሌክትሮኖቹን ያጣ የሂሊየም ሽፋን ነው። ሽፋኑ ሲታመቅ ብርሃን እንዳያልፍ ይከለክላል፤ ሙቀቱ ሲጠራቀም ኮከቧ ትነፋለች፤ ስትነፋ ሽፋኑ ብርሃኑን ይለቃል፤ ኮከቧም ትኮማተራለች።

እ.ኤ.አ. በ1912 በሃርቫርድ የምትሠራው ሄንሪየታ ሌቪት፣ እርሷም የመስማት ችሎታዋ የተዳከመ፣ በትንሹ የማጄላን ደመና ውስጥ 25 መሰል ከዋክብትን መርምራ ዑደቱ የሚረዝም ኮከብ የብርሃን ኃይሉም እንደሚበልጥ አሳየች። ውጤቱ ቀላልና ታላቅ ነው። ዑደቱን ከለካን የኮከቡን እውነተኛ ድምቀት እናውቃለን፤ እውነተኛውን ድምቀት ለዓይን ከሚታየው ጋር ስናነጻጽር ርቀቱን እናሰላለን። ኩራዝ በሩቅ ሲደበዝዝ እንደምናየው ማለት ነው።

በዚህ ዘዴ ኤድዊን ሃብል እ.ኤ.አ. በ1923 በልዕልቲቱ ኅብረ ኮከብ ውስጥ ባለችው የአንድሮሜዳ «ጉም» ውስጥ የሴፌየስ ዓይነት ኮከብ አገኘ። ከስሌቱ የወጣው ርቀት 900 ሺህ የብርሃን ዓመት ገደማ ነበር። ዛሬ ትክክለኛው ርቀት ወደ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት መሆኑ ታውቋል። ያም ሆነ ይህ የመጀመሪያው ስሌት ራሱ ጉሟ ከፍኖተ ሐሊብ ውጭ ያለች ራሷን የቻለች ጋላክሲ መሆኗን ለማሳየት በቂ ነበር። የዓለማችን ስፋት በአንድ ጊዜ ተለወጠ። የልጅቱን ርቀት የነገረን የአባቷ ኮከብ ነው ብንል አንሳሳትም።

ዛሬ የምናየው የአንድሮሜዳ ብርሃን ጉዞውን በጀመረበት ዘመን አካባቢ፣ በአፋር ጎና የሰው ዘር ቀደምት አባቶች ድንጋይ እየፈለጡ መሣሪያ ይሠሩ ነበር፤ የእነዚህ መሣሪያዎች ዕድሜ 2.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። የኢትዮጵያን ስም ከዚህች ጋላክሲ ጋር ማያያዝ ከተፈለገ ከግሪኮቹ አፈ ታሪክ ይልቅ ይህ የጠነከረ ማሰሪያ ይመስለናል።

ክረምቱ አልፎ ሰማዩ በሚጠራበት በኅዳር አጋማሽ፣ ጨረቃ በሌለችበት ምሽት 3 ሰዓት ገደማ ከከተማ መብራት ራቅ ብሎ ወደ ሰሜን ያቀና ሰው አንድሮሜዳን ከአድማስ 58 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ እንደ ቀጭን ጉም በዓይኑ ብቻ ሊያያት ይችላል። በጥቅምትና በኅዳር ምሽቶች ዴልታ ሴፌይም ትታያለች። ከአጠገቧ ሁለት የማይለዋወጡ ከዋክብት አሉ፤ ዜታ ሴፌይ ደማቋ፣ ኤፕሲሎን ሴፌይ ደብዛዛዋ። ዴልታ ዛሬ ለየትኛዋ እንደምትቀርብ ለሁለት ሳምንት በየምሽቱ በደብተሩ የሚመዘግብ ተማሪ የጉድሪክን ውጤት በራሱ እጅ ያገኛል። ለዚህ የሚያስፈልገው ሰዓት፣ እርሳስና ትዕግሥት ነው፤ ጉድሪክም ሥራውን በዋናነት የሠራው በዓይኑ ነበር።

እዚህ ላይ አሳሳቢው ነገር የመሣሪያ እጥረት ብቻ አይደለም። ከተሞቻችን ሲሰፉና መብራታቸው ወደ ላይ ሲረጭ፣ አንድሮሜዳን አንድም ጊዜ ሳያይ ዲግሪውን የሚቀበል የፊዚክስ ተማሪ ቁጥሩ እየበዛ ይሄዳል። ካሲዮፒያን ያስቀጣት ያልተለካ ፉከራ ነበር። የእኛ ተማሪዎች በሰማዩ ሊኮሩ ቢፈልጉ በመለካት ይጀምሩ፤ የአፋችን ኩራት በደብተራችን ላይ ባሉ ቁጥሮች ይደገፍ።