ሊኑክስ ሲነሣ በቅንፍ ስለሚጽፋቸው ሁለት ቁጥሮች

እ.ኤ.አ. በ1991 ሊኑስ ቶርቫልድስ የጀመረው ሊኑክስ ያለ ዋጋ የሚገኝና ያረጀ ኮምፒዩተርን እንኳ የሚያገለግል መሆኑን አንባቢ ያውቀዋልና አልዘረዝረውም፤ ተገቢውን ምስጋና ያላገኘው ግን በሚነሣበት ጊዜ ሲታወክ የችግሩን ሥር አጥርቶ የመናገር ጠባዩ ነው።

የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነል ዋናውን የፋይል ሥርዓት ለመክፈት ድራይቨር ያስፈልገዋል፤ ብዙው ድራይቨር የሚገኘው ግን በዚያው ገና ባልተከፈተው ዲስክ ውስጥ ስለሆነ፣ ኢኒትራምኤፍኤስ የተባለ ትንሽ ጥቅል አስቀድሞ ይገባና የሚያሻውን ያቀብለዋል። ጥቅሉ አዲስ ከርነል በተጫነ ቁጥር ይሠራል፤ በመካከሉ መብራት ቢጠፋ ወይም የቡት ክፍሉ ቢሞላ ሳይፈጸም ይቀራል።

ያን ጊዜ ዋናው የፋይል ሥርዓት አለመከፈቱን የሚናገር ጽሕፈት ሲወጣ፣ ብዙዎች «ዲስኩ ሞቷል» ብለው ይፈርዳሉ። በጋይንት ቤተልሔም የድጓን ምልክት ያልተማረ ሰው መጽሐፉን ገልጦ ዜማውን ማውጣት ቢሳነው ጉድለቱ የአንባቢው እንጂ የብራናው እንዳልሆነ ሁሉ፣ ድራይቨር ያጣ ከርነልም ዲስኩ ደኅና ሳለ ሊያነበው አይችልም።

ልብ ሊባል የሚገባው በጽሕፈቱ መጨረሻ በቅንፍ ያለው ጥንድ ቁጥር ነው። (0,0) ቢል ከርነሉ ዲስኩን ፈጽሞ አላወቀውም ማለት ነውና ኢኒትራምኤፍኤሱ መጉደሉን መጠርጠር ይገባል። (8,1) ቢል ግን 8 የሳታንና የመሰሎቹን ዲስኮች ወገን፣ 1 የመጀመሪያውን ክፋይ ያመለክታል፤ ስለዚህ ዲስኩ ታውቋል፣ የሚመረመረውም እንደ ኢኤክስቲ4 ያለው ድራይቨር አለመኖሩ ወይም የፋይል ሥርዓቱ መጎዳቱ ነው። ለእያንዳንዱ ዲስክ 16 ቁጥር ስለተመደበለት፣ (8,17) የሁለተኛው ዲስክ የመጀመሪያ ክፋይ ይሆናል።

ነፋስ መውጫ ላይ የተማሪዎች ውጤት ያለበት ኮምፒዩተር ፎርማት ሊደረግ ሲል ደርሼ ገጹን ባየው (0,0) ይላል። ዳግም አስነሥተን ሺፍት ቁልፍን ይዘን ከማስነሻው ከግራብ ዝርዝር የቀድሞውን ከርነል ብንመርጥ ተነሣ፤ ውጤቱም አንድ ፊደል ሳይጎድልበት ተገኘ። ከዚያ የቡት ክፍሉን ካጨናነቁት አሮጌ ከርነሎች ጥቂቱን አስወግደን ጥቅሉን እንደገና አሠራነው።

እንግዲህ በእስቴም በስማዳም ኮምፒዩተር የምትጠግኑ ወንድሞችና እኅቶች፣ መብራት በሚወላውልበት ሰዓት ያለ ባትሪ ከርነል አትጫኑ፤ የሚሠራውንም የቀድሞውን ከርነል አትሰርዙ። የተጎዳ የፋይል ሥርዓት ሲያጋጥማችሁ ከፍላሽ አስነሥታችሁ ቅጂ ሳትወስዱ የፋይል ሥርዓት መጠገኛውን ኤፍኤስሲኬን አታስኬዱ፤ ክፋዩ ተከፍቶ ሳለማ ከቶ አይነካም። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ማሽኑን ከማጥፋታችሁ በፊት ገጹን በስልክ ፎቶ አንሡት፤ ያን ቁጥር ሳያይ የሚጠግን ሰው በግምት ይሠራል፣ የግምቱንም ዕዳ የሚከፍለው የፋይሉ ባለቤት ነው።