ለአደን ተብለው የሚሸጡ ጠመንጃዎች የካርቱም ጦርነት ውስጥ እንዴት ተገኙ?

በሱዳን መደበኛ ጦር እና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል ሚያዝያ 7/2015 ዓ.ም. ጦርነት ሲቀሰቀስ የዓለምን ትኩረት የሳቡት የጦር አውሮፕላኖች፣ ከባድ መሣሪያዎች እና በኋላም ድሮኖች ነበሩ። የካርቱምን ነዋሪ የዕለት ተዕለት ሕይወት የወሰነው ግን ብዙ ጊዜ ከእነዚህ በእጅጉ ያነሰ መሣሪያ ነው። ውሃ ለመቅዳት፣ ዳቦ ለመግዛት ወይም የታመመ ሰው ወደ ሕክምና ለመውሰድ የሚወጣ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው የትኛው ሕንጻ ላይ አነጣጥሮ ተኳሽ እንዳለ ነበር።

ጦሩ መጋቢት 12/2017 ዓ.ም. ቤተ መንግሥቱን፣ በቀጣዮቹ ቀናት ደግሞ አውሮፕላን ማረፊያውን መልሶ ተቆጣጥሯል። በግንቦት ወርም መላውን የካርቱም ግዛት ከፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ ማጽዳቱን አስታውቋል። ተኩሱ ከዋና ከተማዋ ቢርቅም አንድ ጥያቄ አልተዘጋም። በሌሎች አገራት ለአዳኞች እና ለዒላማ ስፖርተኞች የሚሸጡ ጠመንጃዎች በሱዳን ተዋጊዎች እጅ የገቡት በየትኛው መንገድ ነው?

ለጥያቄው መልስ ለመስጠት መሣሪያው ምን እንደሆነ፣ ጥራቱ እንዴት እንደሚለካ እና በገበያ ላይ በምን ስም እንደሚሸጥ ማወቅ ያስፈልጋል።

የድልድዮች እና የሕንጻዎች ከተማ

ካርቱም፣ ኦምዱርማን እና ባሕሪ ነጭ አባይ እና ጥቁር አባይ በሚገናኙበት ስፍራ የተመሠረቱ፣ በድልድዮች የተሳሰሩ ሦስት ከተሞች ናቸው። መሬቱ ሜዳ ነው። ተራራም ሆነ ኮረብታ በሌለበት ከተማ ብቸኛው ከፍታ ሕንጻ ነው። ቀጥ ያሉት ሰፋፊ ጎዳናዎች እና ረጃጅሞቹ ድልድዮች ደግሞ ከፍታ ላይ ለተቀመጠ ተኳሽ ከዓይን የማይሰወሩ ናቸው።

በዚህ ምክንያት በመሐል ካርቱም የሚገኙ የቢሮ ሕንጻዎች ከጦርነቱ የመጀመሪያ ሳምንታት አንስቶ የተኩስ ቦታ ሆኑ። ሁለቱም ወገኖች አነጣጥሮ ተኳሾችን አሰማርተዋል፤ በሰላማዊ ሰዎች ላይ በመተኮስም እርስ በርስ ተወነጃጅለዋል። መደበኛው ጦር በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ወደ ቤተ መንግሥቱ ሲገሰግስ ካዘገዩት ነገሮች አንዱ በዙሪያው ባሉ ሕንጻዎች ላይ የመሸጉት የፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ ተኳሾች ነበሩ።

አነጣጥሮ መተኮሻ ጠመንጃ በምን ይለያል?

በምሥራቅ አፍሪካ በብዛት የሚታወቀው ክላሽንኮቭ የተሠራው በቅርብ ርቀት ብዙ ጥይት በፍጥነት ለመተኮስ ነው። አነጣጥሮ መተኮሻው፣ በተለምዶ “ስናይፐር” የሚባለው፣ ዓላማው የተለየ ነው። አንድ ጥይት ተኩሶ በሩቅ ያለን ዒላማ መምታት ይጠበቅበታል። ለዚህም ወፈር ያለ እና በጥንቃቄ የተሠራ አፈሙዝ፣ ያለ ብዙ ኃይል የሚሳብ ቃታ፣ ከተኳሹ ትከሻ ጋር የሚስማማ ሰደፍ እና አጉልቶ የሚያሳይ መነጽር ያስፈልጉታል።

በሱዳን ጦርነት ተደጋግመው ከታዩት መካከል በሶቪየቱ መሐንዲስ ይቭጌኒ ድራጉኖቭ የተነደፈው እና እአአ በ1963 አገልግሎት ላይ የዋለው “ድራጉኖቭ” ይገኝበታል። አሥር ጥይት የሚይዝ ካዝና እና አራት እጥፍ የሚያጎላ መነጽር አለው። ጥይቱ ከአፈሙዙ የሚወጣው በሰከንድ ወደ 830 ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ነው። የድምፅ ፍጥነት በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ በመሆኑ፣ በጥይቱ መንገድ ላይ ያለ ሰው ብዙ ጊዜ የተኩሱን ድምፅ የሚሰማው ጥይቱ ከደረሰ በኋላ ነው። በተኳሽ ዕይታ ሥር ባሉ ሰፈሮች ተኩስ ሰምቶ መሸሸግ የማያዋጣው ለዚህ ነው።

የእነዚህን ጠመንጃዎች ጥራት በሙያ የሚገመግሙ ሰዎች የሚጠቀሙበት መለኪያ ቀላል ነው። ጠመንጃው በጠረጴዛ ላይ በማይነቃነቅ ድጋፍ ተቀምጦ ሦስት ወይም አምስት ጥይት ወደ አንድ ነጥብ ይተኮሳል። ከዚያም በወረቀቱ ላይ በተበሱት ቀዳዳዎች መካከል ያለው ሰፊው ርቀት ይለካል። ውጤቱ የሚገለጸው የአንድ ዲግሪ ስልሳኛ ክፍል በሆነው “የማዕዘን ደቂቃ” ነው። አንድ የማዕዘን ደቂቃ በ100 ሜትር ርቀት 2.9 ሴንቲ ሜትር፣ በ500 ሜትር ደግሞ 14.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት አለው። ጥሩ የውድድር ጠመንጃ ከአንድ ደቂቃ በታች ይሰበስባል። ለጦር ሜዳ የተሠሩት አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ሰፋ ያለ ውጤት ቢኖራቸውም አቧራን እና ጉዳትን ይበልጥ ይቋቋማሉ።

መነጽሩም ለብቻው ይፈተናል። ማስተካከያው በተወሰነ መጠን ዞሮ ሲመለስ የተኩሱ ነጥብ ወደ ነበረበት ይመለሳል ወይ? ሙቀት፣ ውርጭ እና ንዝረትስ ያናጋዋል ወይ? የካርቱም የሙቀት መጠን በሚያዝያ እና በግንቦት ከ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲያልፍ ከመሬት የሚነሳው የሙቀት ሞገድ ምስሉን ያንቀጠቅጠዋል፤ ባሩዱም ሲሞቅ የጥይቱ ፍጥነት ይለወጣል። ሱዳናውያን “ሃቡብ” የሚሉት የአቧራ ማዕበል ደግሞ ዕይታን ጨርሶ ይጋርዳል።

ጥይት በቤት ውስጥ፣ ጥይት በፋብሪካ

የዒላማ ስፖርት በተስፋፋባቸው አገራት ብዙ ተወዳዳሪዎች የፋብሪካ ጥይት አይመርጡም። የተተኮሰውን የነሐስ ቀለህ አንስተው ያጸዱታል፤ በመጭመቂያ መሣሪያ ወደ ቀድሞ ቅርጹ ይመልሱታል። አዲስ መቀስቀሻ ይተኩለታል፣ ባሩድ በሚዛን መዝነው ይጨምሩበታል፤ በመጨረሻም አዲስ አረር ይገጥሙለታል። ዓላማቸው እያንዳንዱ ጥይት ከሌላው ጋር አንድ ዓይነት ፍጥነት እንዲኖረው ማድረግ ነው። ይህንንም በኤሌክትሮኒክ የፍጥነት መለኪያ ያረጋግጣሉ።

በሱዳን ጦርነት ያለው ታሪክ ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። ድራጉኖቭ የሚጠቀመው ጥይት መጠኑ የተወሰነው በሩሲያ ዘመነ ነገሥታት፣ እአአ በ1891 ነው። ለወታደራዊ አገልግሎት የሚመረተው አብዛኛው ቀለህ ከብረት የተሠራ ሲሆን፣ የመቀስቀሻው አገጣጠምም ዳግም ለመሙላት አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ የጦርነቱ ጥይት ከፋብሪካ በሳጥን መጥቶ አንድ ጊዜ ተተኩሶ ቀለሁ መሬት ላይ ይቀራል። ይህ ለመርማሪዎች ትልቅ ትርጉም አለው። በመሬት ላይ የቀረው ቀለህ ብዙውን ጊዜ ከፋብሪካ የወጣበትን ምልክት ሳይለውጥ ይዞ ይቆያል።

“የአደን ጠመንጃ” የሚለው ስም

የሰብዓዊ መብቶች ተሟጋቹ አምነስቲ ኢንተርናሽናል ሐምሌ 18/2016 ዓ.ም. ባወጣው የምርመራ ሪፖርት ከ1,900 በላይ የጭነት መረጃዎችን እንዲሁም ከጦርነቱ የወጡ ምስሎችን መርምሯል። በሪፖርቱ መሠረት ሩሲያን፣ ቻይናን፣ ቱርክን እና የተባበሩት አረብ ኤምሬቶችን ጨምሮ በተለያዩ አገራት በቅርብ ዓመታት የተመረቱ መሣሪያዎች ወደ ሱዳን ገብተዋል፤ ከፊሎቹም ወደ ዳርፉር ተሻግረዋል።

ከተጠቀሱት መካከል በሩሲያው ክላሽንኮቭ ኩባንያ የሚመረቱት “ቲግር” እና “ሳይጋ” የተባሉ ጠመንጃዎች ይገኙበታል። ቲግር የድራጉኖቭ የሲቪል ገበያ ዘር ነው። ገበያ ላይ የሚቀርበው ለአዳኞች ሲሆን በመሠረታዊ አሠራሩ ግን ከወታደራዊው ወንድሙ ብዙም አይርቅም። ሪፖርቱ በሁለቱም ተፋላሚዎች እጅ የታዩ፣ በቻይና የተሠሩ ከባድ ጠመንጃዎችንም ጠቅሷል። እነዚህ ተሽከርካሪን እና መሣሪያን ከርቀት ለመምታት የሚያገለግሉ ናቸው።

ሌላው ግኝት ከቱርክ የመጡ፣ ድምፅ ብቻ የሚያሰሙ “ባዶ ተኳሽ” ሽጉጦችን ይመለከታል። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩት ከነሚሊዮን ጥይቶቻቸው ወደ ሱዳን መላካቸውን የገለጸው አምነስቲ፣ በሱዳን ውስጥ በብዛት ወደ ገዳይ መሣሪያነት ሊቀየሩ እንደሚችሉ ያለውን ሥጋት አስቀምጧል።

ስሙ ለምን ለውጥ ያመጣል? በብዙ አገራት ወታደራዊ መሣሪያ ወደ ውጭ ለመላክ የመጨረሻው ተጠቃሚ ማን እንደሆነ የሚገልጽ ሰነድ እና የመንግሥት ጥብቅ ፈቃድ ይጠየቃል። “የአደን” ወይም “የስፖርት” ተብሎ የተመዘገበ ዕቃ ግን ላላ ባለ ቁጥጥር ሊያልፍ ይችላል። ተቀባዩም የጦር ኃይል ሳይሆን የንግድ ፈቃድ ያለው ግለሰብ ነጋዴ ሊሆን ይችላል። አምነስቲ ጠመንጃዎቹ ወደ ሱዳን የገቡት ከጦሩ ጋር ቅርበት ባላቸው ነጋዴዎች በኩል እንደሆነ ገልጿል። መነጽር፣ የጠመንጃ እግር እና የርቀት መለኪያን የመሳሰሉ ተጓዳኝ ዕቃዎች ደግሞ በየአገሩ በቀላሉ የሚገዙ ናቸው።

የሱዳን የራሷ ፋብሪካዎች

ሱዳን ሁሉንም መሣሪያ ከውጭ የምትገዛ አገር አልነበረችም። እአአ በ1993 የተቋቋመው ወታደራዊ የኢንዱስትሪ ድርጅቷ የሌሎች አገራት ንድፎችን መሠረት ያደረጉ ጠመንጃዎችን፣ መትረየሶችን እና ጥይቶችን ሲያመርት ቆይቷል። “ዲናር” የተባለው ጠመንጃው የጀርመኑ ጂ3 ዓይነት ነው። ድርጅቱ ምርቶቹን እአአ በ2013 አቡዳቢ በተካሄደው ዓለም አቀፍ የጦር መሣሪያ ትርዒት ላይ አቅርቦ ነበር።

ከፋብሪካዎቹ አንዱ የሆነው፣ በደቡብ ካርቱም የሚገኘው ያርሙክ በጥቅምት 2005 ዓ.ም. በአየር ጥቃት ተመትቷል። ሱዳን እስራኤልን የከሰሰች ሲሆን እስራኤል ኃላፊነት አልወሰደችም። በአሁኑ ጦርነት ደግሞ በግንቦት 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ ይህንኑ የጦር ኢንዱስትሪ ቅጥር መቆጣጠሩን አስታውቋል። አሜሪካ ከዚያ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ዲፌንስ ኢንዱስትሪስ ሲስተም የተባለውን የጦሩን ድርጅት እና ከፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ ጋር የተያያዙ ኩባንያዎችን በማዕቀብ ዝርዝር ውስጥ አስገብታለች።

በመሆኑም በካርቱም ጎዳና ላይ የወደቀ አንድ ቀለህ ከአገር ውስጥ ፋብሪካ፣ ከአሮጌ የሶቪየት ዘመን ክምችት ወይም በቅርቡ ከውጭ ከገባ ጭነት የመጣ ሊሆን ይችላል። የሚለየው ምልክቱን በማንበብ ነው።

ቀለህ እንደ ማስረጃ

በአብዛኛው ወታደራዊ ጥይት ቀለህ ሥር የፋብሪካው መለያ እና የተመረተበት ዓመት ታትሞ ይገኛል። በጠመንጃው ላይ ደግሞ የአምራቹ ምልክት እና ተከታታይ ቁጥር አለ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እአአ በ2005 ያጸደቀው የመሣሪያ መከታተያ ስምምነት አገራት ጠመንጃዎች ላይ ይህን ምልክት እንዲያደርጉ ይጠይቃል። ስምምነቱ ግን ጥይትን አያካትትም።

ኮንፍሊክት አርማመንት ሪሰርች እና ስሞል አርምስ ሰርቬይን የመሳሰሉ ተቋማት ባለሙያዎች በጦርነት ቀጠና የተገኙ መሣሪያዎችን ምልክት መዝግበው ይመረምራሉ። አምራቹ መጀመሪያ ለማን እንደሸጠ ከታወቀ፣ ዕቃው ከተፈቀደለት ገዥ እጅ የወጣበትን ነጥብ መፈለግ ይቻላል። በዳርፉር የታዩ የቡልጋሪያ ሞርታር ጥይቶች ምሳሌ ናቸው። በጥይቶቹ ላይ ያለው ምልክት ሲጠና መጀመሪያ ለተባበሩት አረብ ኤምሬቶች መሸጣቸው ታውቋል። የቡልጋሪያ ባለሥልጣናትም ወደ ሱዳን እንዲተላለፉ ፈቃድ አለመስጠታቸውን ተናግረዋል። ኤምሬቶች ለፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መሣሪያ ታቀርባለች የሚለውን ክስ በተደጋጋሚ አስተባብላለች።

ምልክት ግን ሁሉንም አይናገርም። ቀለህ ጥይቱ የት እንደተሠራ ይገልጻል እንጂ ቃታውን ማን እንደሳበ አይገልጽም። ለዚያ የተኩሱ አቅጣጫ፣ የሕንጻው አቀማመጥ፣ ቦታውን በዕለቱ ይቆጣጠር የነበረው ወገን እና የምሥክሮች ቃል ተደምረው መታየት አለባቸው። ቀለሁን ከወደቀበት ሥፍራ ያለ ምዝገባ ማንሳት ማስረጃውን ያጠፋዋል። ነዋሪዎች ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ያልፈነዱ ጥይቶች እና ፈንጂዎች ስለሚኖሩ ደግሞ ለሕይወትም አደገኛ ነው።

የማዕቀቡ ክፍተት

የተባበሩት መንግሥታት የፀጥታው ምክር ቤት እአአ በ2004 የጣለው፣ በ2005 ደግሞ ያሰፋው የመሣሪያ ማዕቀብ የሚመለከተው ዳርፉርን ብቻ ነው። በመሆኑም በፖርት ሱዳን የገባ ጠመንጃ ካርቱም እስከቀረ ድረስ የዚህን ማዕቀብ ወሰን አይጥስም። አምነስቲ ማዕቀቡ መላ ሱዳንን እንዲሸፍን የጠየቀው በዚህ ምክንያት ነው።

እአአ ከታኅሣሥ 2014 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ዓለም አቀፉ የመሣሪያ ንግድ ስምምነት አባል አገራት መሣሪያው በሰላማዊ ሰዎች ላይ ለሚፈጸም ከባድ ጥሰት እንደሚውል ካወቁ እንዳይሸጡ ይከለክላል። ሩሲያ ስምምነቱን አልፈረመችም፤ ቱርክ ፈርማለች እንጂ አላጸደቀችም።

ጉዳዩ በሱዳን ድንበር አይቆምም። ጦርነቱ ከመጀመሩ ዓመታት በፊት ጀምሮ የኢትዮጵያ ባለሥልጣናት በመተማ መስመር በኩል የገቡ የቱርክ ሥሪት ሽጉጦችን መያዛቸውን በተደጋጋሚ ሲያስታውቁ ነበር። ኢትዮጵያም በ2012 ዓ.ም. የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177ን አውጥታለች። ካርቱም ይኖሩ ከነበሩት ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ ጦርነቱን ሸሽተው የተመለሱት በዚሁ የመተማ እና ገላባት መተላለፊያ ነው።

አንድ ድራጉኖቭ በእንክብካቤ ከተያዘ ለአሥርት ዓመታት ያገለግላል። ዛሬ ካርቱም ውስጥ የተደበቀ ጠመንጃ ተመዝግቦ ካልተሰበሰበ ነገ በሱዳን ሌላ ግንባር ወይም በጎረቤት አገር ገበያ ሊገኝ ይችላል። የዚያን ጊዜ መርማሪዎች የሚጀምሩት እንደ ገና በጠመንጃው ላይ ያለውን ቁጥር በማንበብ ይሆናል። ቁጥሩ የት እንደሚያደርስ የሚወስነው ደግሞ ሻጩ አገር የሽያጭ መዝገቡን ለመክፈት ያለው ፈቃደኝነት ነው።